ድሮን በአዳማ፦ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሕጉና ስለ ሥራው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአዳማና በዙሪያዋ ለሚሠሩ ቀያሾች፣ ካሜራማኖች፣ አርሶ አደሮችና ድሮን ለመገጣጠም ለሚሞክሩ ወጣቶች ነው። ስለ ወታደራዊ ድሮን የሚጠይቅ ሰው እዚህ መልስ አያገኝም።

አዳማ ውስጥ ድሮን ማብረር ይፈቀዳል?

በፈቃድ፣ አዎ። ያለ ፈቃድ ግን የድሮኑ መጠንም ሆነ የባለቤቱ ቅን ዓላማ ነገሩን አይለውጠውም። አገር ውስጥ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር መጀመሪያ የሚንኳኳው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) በር ነው። የአየር ክልሉ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ሲሆን፣ ዕቃው ሲገባ ደግሞ ጉምሩክ ኮሚሽን አለ። ፎቶው ለካርታ ሥራ ከሆነ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትንም ይመለከታል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ደብዳቤ ይዞ ሜዳ ላይ መቆም ብቻውን አይበቃም። በሚበርበት ቀን የከተማው ፖሊስና የክፍለ ከተማው ጸጥታ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ካላወቁ፣ ወረቀቱ የተሟላለት ሰውም ጣቢያ ውሎ ሊመለስ ይችላል። አዳማ የራሷ መደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ሰማዩ ባዶ የሚመስላቸው አሉ። ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉ ሰፈር አለ፤ ከዚያው ከቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ደግሞ ትልቁ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ስለዚህ ሰማዩ ወደፊት ይበልጥ ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ አይላላም።

የእኔ ድሮን 249 ግራም ብቻ ነው፤ እንደ አሻንጉሊት አይቆጠርም?

አይቆጠርም። ይህ አስተሳሰብ የሚመጣው ከዩቲዩብ ነው። በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን አይመዘገብም፤ በአውሮፓ ኅብረትም ከዚያ ክብደት በታች ላለው ሕጉ ይላላል፤ ያም ሆኖ ካሜራ ካለው ባለቤቱ ይመዘገባል። አምራቾች 249 ግራም ላይ የሚያቆሙት ለእነዚያ ገበያዎች ብለው ነው። ቦሌ ላይ የሚጠየቀው የፈቃድ ደብዳቤ እንጂ ሚዛን አይደለም።

ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣልኝስ?

በፍተሻ ማሽን ይታያል፤ ፈቃድ ከሌለውም ይያዛል። ገዝቶ ከመጠየቅ ጠይቆ መግዛት ነው የሚያዋጣው። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተለየ ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር ስለሆነ፣ ሻጩን ከመላኩ በፊት ሴሪያሉን በፎቶ እንዲልክ መጠየቅ ይቻላል፤ ደህና ሻጭ እምቢ አይልም።

መጋዘን ውስጥ ወራት የቆየ ድሮን በመጨረሻ ቢለቀቅ እንኳ ባትሪው ላይሠራ ይችላል። የሊቲየም ባትሪ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ባዶውን ተቀምጦ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ያብጣል ወይም ቻርጀር አይቀበልም።

የባትሪ ጉዞም የራሱ ሕግ አለው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው መለዋወጫ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይገባል። ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ፣ ያውም ሁለት ፍሬ ነው። ከዚያ በላይ ከመንገደኛ ጋር አይጓዝም። የርጭት ድሮን ባትሪ ከ1,000 ዋት ሰዓት ስለሚያልፍ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣው አይችልም፤ ለብቻው ሲላክ በጭነት አውሮፕላን፣ ቻርጁ ከ30 በመቶ ሳይበልጥ፣ የአደገኛ ጭነት ሰነድ ተሠርቶለት ነው። ይህን ያላወቀ አስመጪ ድሮኑን ተረክቦ ባትሪውን ይጠብቃል።

ማመልከቻው ላይ ምን ይጻፍ?

ማመልከቻ በብዛት የሚጓተተው የሚመረምረው ባለሙያ መልሶ የሚጠይቀው ነገር ሲኖረው ነው። ስለዚህ የሚጠየቀውን አስቀድሞ መመለስ ይበጃል። ደብዳቤው የድርጅት አርማና ማህተም ይኑረው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የአብራሪው መታወቂያ ይያያዙ። ሥራው የሌላ አካል ከሆነ፣ ለምሳሌ የመንገድ ወይም የመስኖ ፕሮጀክት፣ የአሠሪው የድጋፍ ደብዳቤ ትልቅ ክብደት አለው።

ዕቃውን በተመለከተ ስሪቱን፣ ሞዴሉን፣ ሴሪያል ቁጥሩን፣ ከነባትሪው ያለውን ክብደት፣ የካሜራውን ዓይነትና ሪሞቱ የሚሠራበትን ሞገድ ይጻፉ፤ ሞገዱ በአብዛኞቹ 2.4 እና 5.8 ጊጋኸርዝ ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ ድሮኑም፣ ሪሞቱም፣ እያንዳንዱ ባትሪም የየራሳቸው ሴሪያል አላቸው። የሪሞቱ ቁጥር ማመልከቻው ላይ ከተጻፈ፣ በፍተሻ ቀን ወረቀቱና ድሮኑ አይገናኙም። አካሉ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ስልኩ ላይ አፑ ከሚያሳየው ጋር አስተያይተው ይጻፉ።

«አዳማና አካባቢዋ» ብሎ መጻፍ ቦታ መጥቀስ አይደለም። የሚበርበትን ክልል ማዕዘኖች በኮኦርዲኔት ይስጡ፤ በጉግል ኧርዝ ላይ ተስሎ የተቀመጠ ፋይልና የታተመ ካርታ ያያይዙ። ከፍታው ከመሬት በላይ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። አዳማ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ «1,750 ሜትር» የሚል ቁጥር ያለ ማብራሪያ የተቀመጠበት ማመልከቻ ያስደነግጣል።

ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ማስፈር ግድ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስታል። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ያልነው በውጭ አቆጣጠር 7:00 ነው፤ አቪዬሽን በሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 4:00። ሦስቱንም መጻፍ አንድ መስመር ቢጨምር ነው፤ አለመጻፉ ግን ባልተፈቀደ ሰዓት የበረረ ሊያስብል ይችላል። ለሁለት ቀን ሥራ የሁለት ቀን ፈቃድ አይጠይቁ። አዳማ ላይ ነፋሱ ለሁለት ቀን ሊያስቀምጥ ስለሚችል፣ ቢያንስ አሥር ቀን የሚያንቀሳቅስ የጊዜ ክልል ይጠይቁ።

ፈቃዱ በእጄ ነው፤ ሜዳ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ፈቃዱ ሌላ ቁጥር ካልጠቀሰ በብዙ አገሮች የተለመደውን የ120 ሜትር ጣሪያ ይያዙ፤ ድሮኑም ከዓይን አይውጣ። ስክሪኑ ላይ ማየት እንደ ማየት አይቆጠርም። የፈቃዱ ቅጂና የአሠሪው ስልክ ቁጥር በኪስ ይሁን፤ ዋናው ቢሮ ይቀመጥ።

በአዳማ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሞተሮቹ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ከ8 በመቶ የማያንስ ተጨማሪ ኃይል ስለሚበሉ፣ ካርቶኑ ላይ 31 ደቂቃ የተባለው ወደ 28 ይወርዳል። ሩቡን ለመመለሻ ሲያስቀምጡ በእጅ የሚቀረው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዕቅድዎን በዚህ ይሥሩ።

ነፋሱ ደግሞ ሌላ ነው። ትንንሾቹ ድሮኖች የሚቋቋሙት በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ ነው፤ መሬት ላይ ቀሚስ ብቻ የሚያወዛውዝ ነፋስ 100 ሜትር ላይ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ድሮን የሚጠፋው በነፋስ ተገፍቶ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ሲሄድ በፍጥነት ሄዶ ባትሪ ያተረፈ ይመስላል፤ ሲመለስ ፊት ለፊት ይገጥመውና መንገድ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሄዶ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መመለስ ነው። ማለዳ ከሙቀቱ በፊት መሥራት ሁልጊዜ ይሻላል። በራሱ የሚመለስበትን ከፍታ በአካባቢው ካለው ረጅሙ ነገር፣ ማለትም ከፎቅ፣ ከአንቴናና በተለይ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 20 ሜትር አስበልጠው ያስተካክሉ። ቀጭን ሽቦን የድሮኑ ዳሳሽ ብዙ ጊዜ አያየውም።

ሰርግ መቅረጽስ?

ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ «የግል ግቢ ነው» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። ግቢው የባለቤቱ ቢሆንም ከላዩ ያለው አየር የመንግሥት ነው። ፈቃድ ካለም ከሰው አናት ላይ አያቁሙት፤ ጎን ላይ ሆኖ የተነሳ ምስል የተሻለ ይወጣል፤ አንዱ ፕሮፔለር ቢሰበርም የሚወድቀው ሙሽሮቹ ላይ አይሆንም። የአደባባይ በዓላት ላይ፣ ጥምቀትም ሆነ ኢሬቻ፣ ያለ ግልጽ የጽሑፍ ፈቃድ ጭራሽ አይሞክሩት።

የጎረቤት ግቢ በምስሉ ከገባ የግላዊነት ጥያቄ ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከዚህ ላይ ተጨምሯል። ለማስታወቂያ ቲክቶክ ላይ ከመለጠፍ በፊት ማስፈቀድ ነው።

ፈቃዱ ለምን በደህንነት ተቋም እጅ ሆነ?

ሰው አልባ አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሌላ አገር ሰማይ ላይ እንዳይበር የሚለው መርህ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 8 አስፍሮታል። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። ዛሬ ግን ካሜራ የሚሸከመው ዕቃ ሌላም ነገር መሸከም ይችላል፤ የመገናኛ ሞገዱም ሆነ የሚሰበስበው ምስል ለብሔራዊ መረጃ ደህንነት የሚያሰጋ ተደርጎ ይታያል። ኢመደአን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 808/2006 ሲሆን፣ የድሮን ፈቃድም በእርሱ በኩል ያልፋል።

ስጋቱ ተራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 የለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ ተብሎ ሲዘጋ ወደ 1,000 በረራዎችና 140,000 መንገደኞች ተስተጓጉለዋል። በእኛ አገር ደግሞ ባለፉት ዓመታት «ድሮን» የሚለው ቃል ከጦርነት ዜና ጋር ነው የተሰማው፤ ከሰፈር በላይ ሲያጉረመርም ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ስለ ሰርግ ቪዲዮ አያስብም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ የደህንነት ማጣሪያና የአየር ደህንነት ማጣሪያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይመረምራል። ሁለተኛው ሰውዬው ማብረር ይችል እንደሆነ፣ ድሮኑ ቢወድቅም ማን ላይ እንደሚወድቅ ያያል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሕግ ኢንዱስትሪውን ያሳድገዋል ወይስ ያንቀዋል?

የሚያንቀው የሕግ ጥብቅነት አይደለም፤ መልሱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ጥብቅ ቢሆንም ቁጥሩና ቀኑ የተጻፈ ሕግ ላይ ነጋዴ ዋጋ ማውጣት ይችላል። ፈቃዱ በሁለት ሳምንት ይምጣ በስድስት ወር ካላወቀ ግን ጨረታ ላይ ምን ብሎ ይሞላል? ብድር ሰጪውስ በምን ይተማመናል?

አሜሪካንን እንይ። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 በድሮን ለገንዘብ መሥራት የሚፈልግ ሰው በየግሉ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ አብራሪው የእውነተኛ አውሮፕላን ፈቃድ እንዲኖረውም ይጠበቅ ነበር። የጣሪያ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የአውሮፕላን ትምህርት ማለት ነው! ከ5,000 በላይ ልዩ ፈቃዶች አንድ በአንድ ተሰጡ። ነሐሴ 29 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ክፍል 107 የሚባለው ደንብ ሥራ ላይ ሲውል ያ ሁሉ በ60 ጥያቄ ፈተና ተተካ፤ 70 በመቶ ያመጣ፣ ከ25 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ድሮን፣ በዓይን እይታ ውስጥ፣ ከ400 ጫማ ሳያልፍ ያበራል። ደንቡ ልቅ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ «እኔ አልፋለሁ ወይስ አላልፍም» ብሎ መመለስ ይችላል።

አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአደጋው መጠን ከፋፈለው፤ አነስተኛ አደጋ ያለው በረራ ቅድመ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መካከለኛው የአደጋ ግምገማ ያቀርባል፤ ከፍተኛው እንደ ሰው ጫኝ አውሮፕላን ይመረመራል። ለባለሥልጣኑ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ባለሙያዎቹ ለማሳ ፎቶና ለከተማ በረራ እኩል ጊዜ አያጠፉም።

ከአፍሪካ ሩዋንዳና ኬንያ ተቃራኒ መንገድ ሄደዋል። ሩዋንዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥታ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዚፕላይን የተባለው ድርጅት ከሙሃንጋ ደም ማድረስ ጀመረ፤ ያውም ከዓይን እይታ ውጪ በሚበር ድሮን። ኬንያ በ2017 ያወጣችውን ደንብ ፓርላማው ውድቅ አድርጎት፣ ዳግመኛ የጸደቀው በ2020 ነው። ማላዊ ደግሞ ከዩኒሴፍ ጋር በ2017 ካሱንጉ ላይ የሙከራ ሰማይ ከልላ ሰጠች። ይህ ሦስተኛው ለእኛ በጣም የሚቀርብ ነው፤ አገሩን ሁሉ ከመክፈት በፊት አንድ የታወቀ ክልል፣ የታወቀ ከፍታና የታወቀ ሰዓት መክፈት የደህንነት ተቋሙንም አያሰጋም። ለዚህ ደግሞ ከአዳማ ዙሪያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የሸንኮራ ማሳውና የነፋስ ተርባይኖቹ አቅራቢያ ለአቅራቢያ ናቸው።

የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ላይ ምን ሥራ አለ?

የክንፍ ምርመራ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት። ሦስት ሦስት ክንፍ ሲሆን 408 ክንፍ መታየት አለበት። ክንፉ በአሸዋና በአቧራ ጠርዙ ይበላል፤ መብረቅም ጫፉን ይሰነጥቃል። በገመድ ተንጠልጥሎ ማየት ቀን ይወስዳል፤ በድሮን ተርባይኑ ቆሞ፣ አንዱ ክንፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተደርጎ ከአራት ጎን ይነሳል።

የክንፉ ጫፍ ከ100 ሜትር በላይ ስለሚደርስ የ120 ሜትር ጣሪያ ይጠባል። አሜሪካ ከግንባታው በ400 ጫማ ዙሪያ ውስጥ እስከሆነ ከግንባታው አናት በላይ ሌላ 400 ጫማ ትፈቅዳለች፤ አውሮፓም ከ105 ሜትር በላይ ለሆነ ግንባታ በባለቤቱ ጥያቄ 15 ሜትር ትጨምራለች። እዚህ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው የተርባይኑን ቁመት ጠቅሶ ከፍታውን ለብቻ መጠየቅ አለበት። ነፋስ ለማመንጨት ጥሩ የሆነ ቦታ ለማብረር መጥፎ መሆኑንም አይርሱ።

ስንዴና ሸንኮራ በድሮን መርጨት ያዋጣል?

ኩታ ገጠም ማሳ ላይ ሊያዋጣ ይችላል፤ ተበታትኖ ላለ ግማሽ ሄክታር አያዋጣም። 40 ሊትር የሚይዝ የርጭት ድሮን በሄክታር ከ10 እስከ 20 ሊትር ቢረጭ በአንድ ሙሌት ከ2 እስከ 4 ሄክታር ይሸፍናል። በጀርባ ከሚታዘለው መርጫ ጋር ሲነጻጸር የውሃው ልዩነት ሰፊ ነው፤ በዚያኛው 200 ሊትር ገደማ ይሄዳል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፦ የመድኃኒቱ መመሪያ የተጻፈው ለ200 ሊትር ከሆነ፣ በ15 ሊትር መበጥበጥ ማለት ከ13 እጥፍ በላይ የወፈረ መርዝ ማለት ነው። ቅጠል ያቃጥላል፣ የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል፣ ነፋስ ሲወስደውም የጎረቤትን ጎመን ያበላሻል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ስላለ፣ ለአየር ርጭት ያልተመዘገበ መድኃኒት መጠቀም ከድሮኑ ፈቃድ የተለየ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል።

ሲሞላ ክብደቱ 90 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ አሜሪካና አውሮፓ ለቀላል ድሮን ያስቀመጡት የ25 ኪሎ ገደብ እዚህ አይሠራም። ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር ሲያልፍ ማቆም ነው፤ አዳማ ላይ ይህ ማለት በተግባር ከንጋት እስከ ረፋዱ ብቻ መሥራት ነው። ጄነሬተርና ቢያንስ ሦስት ባትሪ ካልተዘጋጀ ያ አጭር ሰዓትም በቻርጅ ያልቃል።

ለቅየሳስ?

ባለ 20 ሜጋፒክሰል፣ የአንድ ኢንች ሴንሰር ያለው ካሜራ 100 ሜትር ላይ ሲበር አንዱ ፒክሰል መሬት ላይ 2.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ፎቶዎቹ በበረራው አቅጣጫ 80 በመቶ፣ በጎን 70 በመቶ ይደራረቡ። ቢያንስ አምስት የመሬት ምልክት ይተክሉ፤ አራቱ ማዕዘን ላይ፣ አንዱ መሐል።

ድሮኑ ቦታ የሚመዘግበው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት የኮኦርዲኔት ሥርዓት፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ የአገራችን ካርታዎች በአብዛኛው አዲንዳን በሚባለው ሌላ ሥርዓት፣ አዳማም በዞን 37 ሰሜን ነው ያለችው። ሳይቀየር የተረከበ ሥራ ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ካርታው ራሱ ያምራል፤ መንገዱ ግን የሰው ቤት ላይ ያርፋል። ሲያስረክቡ የበረራ ፈቃዱን ቅጂ ከሪፖርቱ ጋር ያያይዙ።

ራሴ ብገጣጥምስ?

የተገጣጠመም ድሮን ነው። ሞተሩን፣ የሞተር መቆጣጠሪያውንና ዋናውን ቦርድ ለየብቻ ማስመጣት ከጉምሩክ ጥያቄ አያድንም። ተማሪ ከሆኑ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ደብዳቤ መሥራት ይቀላል። የሞተሮቹ ድምር ግፊት ከጠቅላላ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ለአዳማ ከፍታ ትንሽ ይጨምሩበት። ጠረጴዛ ላይ ሲሞክሩ ፕሮፔለሩን ያውልቁ። የመጀመሪያው በረራ መረብ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይሁን።

ቢወድቅ ወይም ቢያዝ ምን ላድርግ?

ከወደቀ መጀመሪያ ሰው አለመጎዳቱን ያረጋግጡ፤ ቀጥሎ ባትሪውን ያውጡ። ያበጠ ወይም የተወጋ ባትሪ ውሎ አድሮ ሊነድ ስለሚችል መኪና ውስጥ አይተዉት፤ አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጪ ያስቀምጡት። የጠፋ ከሆነ አፑ የመዘገበውን የመጨረሻ ቦታ በስክሪን ፎቶ ይያዙና ለፈቃድ ሰጪውና ለፖሊስ ወዲያው ያሳውቁ። በስምዎ የተመዘገበ ድሮን በማን እጅ እንደገባ አይታወቅም።

በፖሊስ ከተያዘ አይከራከሩ። ደረሰኝ ወይም የመረከቢያ ቅጽ ይጠይቁ፤ በቅጹ ላይ ሴሪያሉ፣ የባትሪው ብዛትና የሚሞሪ ካርዱ መኖር ይጻፍ። ሚሞሪውን በራስዎ እጅ አያጥፉ፤ የተፈቀደልዎ ቦታ ላይ ብቻ እንደበረሩ የሚያሳየው እርሱና አፑ ውስጥ ያለው የበረራ መዝገብ ነው።